ጎርፍ ድንበር ሲሻገር፦ የላይኛውና የታችኛው ተፋሰስ ነዋሪዎች አብረው ሲሠሩ ምን ይለወጣል?

እ.ኤ.አ. በግንቦት 2023 የሶማሊያዋ በለደወይን ከተማ በዋቢ ሸበሌ ወንዝ ሙላት ተጥለቀለቀች። መንገዱና ገበያው፣ የመኖሪያ ሰፈሩም በውኃ ተዋጠ። ከ200 ሺህ በላይ ሰዎች የቻሉትን ዕቃ ይዘው ወደ ከፍተኛ ቦታ ሸሹ። አካባቢው ከዚያ በፊት ለአምስት ተከታታይ የዝናብ ወቅቶች በድርቅ የተጎዳ ነበር። ሕዝቡ ለዓመታት ሲናፍቀው የኖረው ውኃ በመጣ ጊዜ የተረፈውን ይዞበት ሄደ።

ይህ ውኃ በአብዛኛው በበለደወይን ሰማይ ላይ የዘነበ አልነበረም። በኢትዮጵያ ደጋማ ቦታዎች፣ በተለይም በባሌ፣ በአርሲና በሐረርጌ ከፍታዎች የወረደ ዝናብ ተጠራቅሞ፣ በኢሚ፣ በጎዴ፣ በቀላፎና በሙስታሂል በኩል ቀናት ተጉዞ ነው ድንበሩን የተሻገረው። ወንዙን ድንበር ላይ ያስቆመው የለም። ስለ ወንዙ የሚነገረው ቃል ግን ብዙ ጊዜ ከወንዙ ይዘገያል፤ አንዳንድ ጊዜም ጨርሶ አይሻገርም።

በዓለም ላይ ሁለትና ከዚያ በላይ ሀገሮች የሚጋሯቸው ከ300 የማያንሱ ወንዞችና ሐይቆች አሉ። በእነዚህ ተፋሰሶች የሚኖሩ ሰዎች የጎርፍ አደጋን ለዘለቄታው ለመቀነስ ምን ሊያደርጉ ይችላሉ? በዚህ ጽሑፍ የጎርፍን ባሕርይ ከሳይንሱ አንጻር ካየን በኋላ፣ ከኔፓልና ከህንድ ድንበር መንደሮች እንዲሁም ከአውሮፓው የራይን ወንዝ የተገኘውን ትምህርት እንመለከታለን። በመጨረሻም ወደ ራሳችን ወንዞች እንመለሳለን። (የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጎርፍ እንዴት ይጓዛል?

ነገሩን በቀላል ሒሳብ እንጀምር። በአንድ ስኩዌር ኪሎ ሜትር መሬት ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ 1,000 ሜትር ኩብ ውኃ ይሆናል። 1,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ስፋት ባለው ተራራማ አካባቢ በአንድ ቀን 50 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ ደግሞ 50 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ ይወርዳል። አፈሩ ደንና ሣር የለበሰ ከሆነ ከዚህ ውስጥ ብዙውን ይመጥጠዋል። የተራቆተ፣ የተረገጠ ወይም በቀደመው ዝናብ የጠገበ መሬት ከሆነ ግን ውኃው ከነአፈሩ ተጠርጎ ወደ ወንዝ ይገባል።

ወንዝ ውስጥ የገባው ውኃ እንደ ማዕበል ይጓዛል። የዚህ ማዕበል ፍጥነት በብዙ ወንዞች ላይ በሰከንድ ከአንድ እስከ ሁለት ሜትር አካባቢ ነው፤ ይህም ሰው በእግሩ ፈጥኖ ከሚራመድበት ብዙ አይለይም። በለጥ ያለ ሜዳ ላይ ደግሞ ይበልጥ ይዘገያል። እንግዲህ የጎርፍ ሳይንስ ትልቁ ምሥጢር እዚህ ላይ ነው፦ በትልልቅ ወንዞች ላይ ጎርፍ እግረኛ ነው፤ የስልክ ጥሪ ግን በቅጽበት ይደርሳል። ላይ ያለው ሰው ያየውን ታች ላለው ቢነግረው፣ የታችኛው ሰው እንደ ርቀቱ ሰዓታትን፣ አልፎ ተርፎም ቀናትን ያተርፋል። በእነዚያ ሰዓታት ልጆችንና አረጋውያንን ማሸሽ፣ ከብቱን ወደ ከፍታ መንዳት፣ እህሉንና የዘር ቋቱን ማንሣት ይቻላል።

ሁለተኛው ቁም ነገር የጎርፉ ጫፍ፣ ማለትም ውኃው የሚደርስበት ከፍተኛ ልክ፣ በመንገድ ላይ የሚለወጥ መሆኑ ነው። ወንዙ ግራና ቀኝ ሰፊ ረግረግና ሜዳ ካገኘ እየተኛ ይሄዳል፤ ጫፉ ዝቅ ይላል፤ ለታችኛው ከተማ የሚደርሰውም የረገበ ውኃ ይሆናል። ወንዙ በሁለት ግንብ መካከል ተጨንቆ ከሄደ ግን ጉልበቱን ሳይለቅ ፈጥኖ ይደርሳል። ስለዚህ ላይ የሚኖረው ማኅበረሰብ በመሬቱ ላይ የሚያደርገው ነገር ሁሉ በታችኛው ጎረቤቱ በር ላይ ይቆጠራል።

ክትር ብቻውን ለምን አይበቃም?

ጎርፍን ለመከላከል ሰው መጀመሪያ የሚያስበው በወንዙ ዳር አፈር ወይም ድንጋይ ቆልሎ ክትር መሥራትን ነው። ክትር ጠቃሚ ነው፤ ብዙ ከተሞችም ያለ እርሱ ሊኖሩ አይችሉም። ይሁን እንጂ ሦስት ድክመቶች አሉት። አንደኛ፣ በአንዱ ዳርቻ ላይ የተሠራ ክትር ውኃውን ወደ ማዶው ወይም ወደ ታች ይገፋዋል። ሁለተኛ፣ ደለል የሚሸከም ወንዝ በክትሮች መካከል ሲታጠር ደለሉን እዚያው ስለሚጥል አልጋው ከዓመት ዓመት ከፍ ይላል። ሦስተኛ፣ ሰዉ በክትሩ ተማምኖ ቤቱን ከወንዙ ጥግ ይሠራል። ክትሩ አንድ ቀን ሲናድ ጉዳቱ ከቀድሞው የከፋ ይሆናል።

ለዚህ ጉልህ ምሳሌ የሚሆነው ከሂማላያ ተነሥቶ በኔፓል በኩል ወደ ህንዷ የቢሃር ክፍለ ግዛት የሚፈስሰው የኮሲ ወንዝ ነው። ሁለቱ መንግሥታት በ1954 በኮሲ ላይ ስምምነት ፈርመው በድንበሩ አካባቢ መቀልበሻ ግድብና ረጃጅም ክትሮች ተሠሩ። በስምምነቱ መሠረት በኔፓል ምድር ላይ ያለውን ክትር የመጠገን ኃላፊነት የህንድ ወገን ነበር። ነሐሴ 18 ቀን 2008 ክትሩ በኔፓል ውስጥ ኩሳሃ በምትባል ቦታ ተደረመሰ። የሚያስገርመው፣ በዚያ ቀን የነበረው የወንዙ ፍሰት ክትሩ እንዲችል ከታነጸበት መጠን ከሩብ በታች ነበር። ወንዙ ከክትሩ ወጥቶ ከብዙ አሥርት ዓመታት በፊት ወደ ተወው አሮጌ መንገዱ ተመለሰ። ጎርፍ ይመጣብናል ብለው በማያስቡ የቢሃር ወረዳዎች ከሦስት ሚሊዮን በላይ ሰዎች ተጎዱ።

ስምምነት አልጠፋም ነበር። ክትርም ነበረ። የጎደለው ሁለቱን ወገን በየዕለቱ የሚያገናኝ አሠራር ነው፤ ክትሩ እየተበላ መሆኑን የሚያዩት የዳርቻው ነዋሪዎች ቃል በጊዜው ወደሚሰማበት ቦታ አልደረሰም፤ ሊጎዱ የሚችሉት ሰዎችም አስቀድመው እንዲያውቁ አልተደረገም።

ስልክ የሚደዋወሉ መንደሮች

ከኮሲ ብዙም ሳይርቅ ራቱ የሚባል አነስተኛ ወንዝ አለ። መነሻው በደቡባዊ ኔፓል የሚገኘው የቹሪያ ኮረብታ ሲሆን፣ ሜዳውን አቋርጦ ወደ ቢሃር ይገባል። ራቱ በበጋ ከሞላ ጎደል አሸዋ ብቻ ነው። በክረምት ኮረብታው ላይ ከባድ ዝናብ ሲወርድ ግን በሰዓታት ውስጥ ይሞላል። እንዲህ ያለውን ድንገተኛ ጎርፍ የመንግሥታት ደብዳቤ አይቀድመውም፤ ከአንዱ ዋና ከተማ ወደ ሌላው የሚላክ መረጃ ታች ወዳለችው መንደር እስኪደርስ ውኃው አልፎ ይሄዳል።

ስለዚህ በሂማላያ ተራራማ አካባቢ የሚሠራ ዓለም አቀፍ የምርምር ማዕከል ከአካባቢው ነዋሪዎች ጋር ቀላል ዘዴ ዘረጋ። በላይኛው ተፋሰስ በወንዙ ውስጥ የውኃውን ከፍታ የሚለካ መሣሪያ ተተከለ። መሣሪያው ምልክት የሚልከው በአቅራቢያው ለሚኖር፣ ሥልጠና ለተሰጠው አንድ ነዋሪ ነው። ውኃው አስቀድሞ የተወሰነውን ልክ ሲያልፍ ይህ ሰው ስልኩን አንሥቶ ታች ላሉት የኔፓል መንደሮች ይደውላል፤ እነርሱም ከድንበሩ ማዶ በቢሃር ለሚገኙት ጎረቤቶቻቸው ያስተላልፋሉ። በ2017 ክረምት በአካባቢው ከባድ ጎርፍ በወረደ ጊዜ ማስጠንቀቂያው በዚሁ መንገድ ድንበሩን ተሻግሮ ውኃው ከመድረሱ ከሰዓታት በፊት በህንድ በኩል ላሉት ነዋሪዎች ደረሰ።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። መሣሪያው ርካሽ ነው፤ ቢጠፋም ሌላ ይገዛል። ዋጋ ያለው በስልኩ ሁለት ጫፍ ያሉት ሰዎች መተዋወቃቸው ነው። የድንበሩ ሁለት ወገን ነዋሪዎች አንድ ቋንቋ ይናገራሉ፤ ይጋባሉ፤ በአንድ ገበያ ይገበያያሉ። ደዋዩ ማን እንደሆነ ስለሚያውቁ የተነገራቸውን ያምናሉ፤ ስላመኑም ይነሣሉ።

ለወንዙ ቦታውን መመለስ

ማስጠንቀቂያ ሕይወትን ያድናል። ቤቱና ማሳው ግን ባለበት ይቀራል፤ ውኃውም በሚቀጥለው ዓመት ይመለሳል። አደጋውን ለዘለቄታው ለመቀነስ ወንዙንና መሬቱን በጋራ ማስተዳደር ያስፈልጋል። በዚህ ረገድ ረጅም መንገድ የሄዱት የራይን ወንዝ ሀገሮች ናቸው። ብዙ አንባቢዎቻችንም በዚሁ ወንዝ ዳር ባሉ የጀርመን፣ የስዊዘርላንድና የኔዘርላንድ ከተሞች ይኖራሉ።

ራይን ከስዊዘርላንድ ተራሮች ተነሥቶ 1,230 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ በኔዘርላንድ በኩል ወደ ባሕር ይገባል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዮሐን ጎትፍሪድ ቱላ የተባለው የባደን መሐንዲስ ባወጣው ዕቅድ መሠረት ከ1817 እስከ 1876 የላይኛው ራይን ጠመዝማዛ መንገዱ ተቆርጦ ቀጥ እንዲል ተደረገ፤ ወንዙም 81 ኪሎ ሜትር ያህል አጠረ። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ደግሞ ለኤሌክትሪክና ለመርከብ ጉዞ ሲባል በፈረንሳይና በጀርመን ድንበር ተጨማሪ ግድቦች ተሠርተው 130 ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚያህል የጎርፍ ሜዳ ከወንዙ ተለየ። ውጤቱ የሚጠበቅ ነበር። መተኛ ያጣው ጎርፍ ፈጥኖ መውረድ ጀመረ፤ እንደ ኔካር ካሉ ገባር ወንዞች ሙላት ጋር በአንድ ጊዜ እየተገናኘ በታች ላሉት ከተሞች አደጋው ጨመረ።

በታኅሣሥ 1993 እና በጥር 1995 ሁለት ታላላቅ ጎርፎች ተከታትለው መጡ። በ1995ቱ ኔዘርላንድ 250 ሺህ የሚሆኑ ሰዎችን ከቤታቸው አስወጣች። በጀርመኗ የኮሎኝ ከተማ ውኃው በሁለቱም ጊዜ ከ10.6 ሜትር በላይ ደርሶ ነበር፤ የኋለኛው እንዲያውም ከፊተኛው ጥቂት ይበልጥ ነበር። ሆኖም በኮሎኝ በ1995 የደረሰው የንብረት ጉዳት ከ1993ቱ በግማሽ ያነሰ ሆነ። በመካከሉ ያለፉት አሥራ ሦስት ወራት ብቻ ናቸው፤ በዚያ ጊዜ አዲስ ግድብ አልተሠራም። ነዋሪዎቹ ከፊተኛው ተምረው ስለ ነበር ዕቃቸውን ከምድር ቤት አወጡ፤ ማሞቂያና የኤሌክትሪክ መሣሪያዎችን ወደ ላይ አነሡ፤ የከተማው አስተዳደርም ተዘጋጅቶ ጠበቀ። የሰው ዝግጅት ምን ያህል ዋጋ እንዳለው የሚያሳይ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ማግኘት ያስቸግራል።

የወንዙ ሀገሮች በ1950 ያቋቋሙት የራይን ጥበቃ ዓለም አቀፍ ኮሚሽን በመጀመሪያ ዓላማው የውኃ ብክለትን መቆጣጠር ነበር። ከሁለቱ ጎርፎች በኋላ ግን በ1998 የጎርፍ የድርጊት መርሐ ግብር አጸደቀ። ግቦቹ በቁጥር የተለኩ ነበሩ፦ የጉዳት ስጋትን እስከ 2020 በ25 በመቶ መቀነስ፣ ከተገደበው የላይኛው ራይን በታች የከባድ ጎርፍን ከፍታ እስከ 70 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ማድረግ፣ ቅድመ ትንበያው የሚሰጠውን የዝግጅት ጊዜም በእጥፍ ማሳደግ። ለዚህም በፈረንሳይና በጀርመን በኩል ጎርፍ ሲመጣ ውኃ የሚለቀቅባቸው ሜዳዎች ተዘጋጁ፤ አንዳንድ ክትሮችም ከወንዙ ርቀው እንደገና ተሠሩ። ፈረንሳይና ጀርመን መሬት ሲለቁ ከሚጠቀሙት ውስጥ አንዷ በታች ያለችው ኔዘርላንድ ናት።

ኔዘርላንድ ደግሞ በራሷ በኩል «ቦታ ለወንዙ» የተባለ መርሐ ግብር አካሄደች። ከ30 በላይ በሆኑ ቦታዎች ክትሮች ወደ ኋላ ተመለሱ፤ የጎርፍ ሜዳዎች ተቆፈሩ፤ ተጨማሪ ቦዮች ተከፈቱ። በናይሜኸን ከተማ ፊት ለፊት በምትገኘው ሌንት ክትሩ 350 ሜትር ወደ ኋላ ሲመለስ ሃምሳ ያህል ቤቶች ፈርሰዋል። ይህ ለባለቤቶቹ ቀላል አልነበረም። ኦቨርዲፕ በተባለው የእርሻ መሬት ገበሬዎቹ ራሳቸው መፍትሔ አቀረቡ፦ መሬታቸው በከባድ ጎርፍ ጊዜ ውኃ እንዲተኛበት ፈቅደው፣ ቤታቸውንና የከብት በረታቸውን ከፍ ባለ የአፈር ጉብታ ላይ እንደገና ሠሩ። ከእነርሱም ውስጥ ወደ ሌላ ቦታ የሄዱ ነበሩ፤ የቀሩት ግን ከታዘዙ ይልቅ አብረው ያቀዱ በመሆናቸው ዕቅዱ የራሳቸው ሆነ።

የአካባቢ አስተዳደሮችም ዋና ከተማዎቻቸውን አልጠበቁም። የጀርመኗ ሰሜን ራይን-ቬስትፋሊያና የኔዘርላንዷ ሔልደርላንድ ከ1997 ጀምሮ የጋራ የጎርፍ የሥራ ቡድን አላቸው። በጋራ ባደረጉት ጥናት ያገኙት አንድ ነገር ሁለቱንም ወገን አስደንግጧል። በጀርመን በኩል ክትር ቢናድ ውኃው በሜዳው ላይ ተጉዞ የኔዘርላንድን መንደሮች ከክትራቸው በስተጀርባ ሊይዛቸው ይችላል። ስለዚህ የአንዱ ሀገር ክትር ጥንካሬ የሌላውም ደኅንነት ሆነ። የአውሮፓ ኅብረትም በ2007 ባወጣው የጎርፍ መመሪያ አንድ አባል ሀገር በጎረቤቱ ላይ የጎርፍን ስጋት በእጅጉ የሚያሳድግ ሥራ ያለ ስምምነት እንዳይሠራ ደነገገ።

ማስጠንቀቂያው ደርሶ ሰው ያልተነሣበት ሌሊት

ይህን ሁሉ ስንል አውሮፓ ችግሩን ጨርሳለች ማለታችን አይደለም። በሐምሌ 2021 አጋማሽ በምዕራብ ጀርመንና በቤልጅየም የወረደው ዝናብ ትንንሽ ወንዞችን ወደ አውዳሚ ጎርፍ ለወጣቸው። በጀርመን ብቻ ከ180 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኛዎቹም የራይን ገባር በሆነው በአር ወንዝ ሸለቆ ነበሩ። የአውሮፓ የጎርፍ ትንበያ ሥርዓት ከቀናት በፊት ምልክት ሰጥቶ ነበር። መረጃው ግን ወደ ሸለቆው ነዋሪ ጆሮ የደረሰው ዘግይቶ፣ ወይም ምን ማድረግ እንዳለበት ሳይነግረው ነበር። በሌሊት ውኃው ሲያድግ የመለኪያ ጣቢያው ራሱ ተጠርጎ ሄደ።

በአንጻሩ በኔዘርላንድ የመዝ ወንዝ በበጋ ታይቶ በማይታወቅ መጠን ቢሞላም በጎርፉ የሞተ ሰው አልነበረም። ለዚህ የመሬቱ አቀማመጥ አስተዋጽኦ አለው፤ ሸለቆው እንደ አር ጠባብና ቁልቁለታም አይደለም። ቀደም ብሎ ለወንዙ የተለቀቀው ቦታና በጊዜው የተፈጸመው የማስወጣት ሥራም የራሱ ድርሻ ነበረው። ከሁለቱ የምንማረው ትንበያ የሰንሰለቱ አንድ ቀለበት ብቻ መሆኑን ነው። ከሳተላይቱ እስከ ጎጆው በር ድረስ ያሉት ቀለበቶች በሙሉ ካልተያያዙ ሰንሰለቱ አይጎትትም።

ወደ ራሳችን ወንዞች

ኢትዮጵያ በአብዛኞቹ ድንበር ተሻጋሪ ወንዞቿ ላይ የላይኛው ተፋሰስ ሀገር ናት። ይህ ማለት ጎርፍ አይነካትም ማለት አይደለም። በጣና ዙሪያ የፎገራና የደምቢያ ሜዳዎች በርብ፣ በጉማራና በመገጭ ሙላት በየጊዜው ይጥለቀለቃሉ። ጋምቤላ በባሮ ትጎዳለች። ቀላፎና ሙስታሂልም ለባሌ ከፍታዎች የታችኛው ተፋሰስ ናቸው፤ በ2023 መጨረሻ በሶማሊያ ከመቶ በላይ ሰዎችን የገደለው የዝናብ ወቅት የኢትዮጵያን ሶማሌ ክልልም አጥለቅልቋል። የወንዝ ነገር እንዲህ ነው፦ ከምንጩ ጫፍ በስተቀር ሁሉም ለአንዱ የላይኛው፣ ለሌላው የታችኛው ነው።

በዓባይ በኩል የተጀመረ ሥራ አለ። በ1999 የተመሠረተው የናይል ተፋሰስ ኢኒሼቲቭ አካል የሆነውና መቀመጫውን አዲስ አበባ ያደረገው የምሥራቅ ናይል የቴክኒክ ጽሕፈት ቤት፣ በክረምት ወራት ለጣና ዙሪያ፣ ለዓባይ፣ ለተከዜ-አትባራና ለባሮ-አኮቦ-ሶባት የጎርፍ ትንበያ ያወጣል። ትንበያው የሳተላይት የዝናብ መረጃን ከወንዝ ፍሰት ስሌት ጋር ያጣምራል። በሱዳን በኩል ደግሞ ነጭ ዓባይና ጥቁር ዓባይ በሚገናኙበት በካርቱም የምትገኘው የቱቲ ደሴት ነዋሪዎች ከጥንት የወረሱት «ታያ» የሚባል ልማድ አላቸው። በጎርፍ ወራት ደሴቲቱን በክፍል ተከፋፍለው በየዳርቻው ጠባቂ ያቆማሉ። ውኃው ዳርቻውን መብላት ሲጀምር ጠባቂው ይጣራል፤ ሁሉም አፈርና ጆንያ ይዞ ይወጣል። በ2020 ዓባይ በካርቱም ከመቶ ዓመት ወዲህ ከተመዘገበው ሁሉ በላይ ከፍ ባለ ጊዜ በሱዳን ከመቶ የሚበልጡ ሰዎች ሲሞቱ፣ መንግሥት የሦስት ወር የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲያውጅ፣ ይህ የነዋሪዎች ጥበቃ እንደገና ዋጋው ታይቷል። የአዲስ አበባው የኮምፒውተር ስሌትና የቱቲው ጠባቂ ጩኸት በአንድ መስመር ላይ ቢገናኙ ምን ሊሆን እንደሚችል ማሰብ አያዳግትም።

ስለ ግድብም አንድ ነገር መናገር ይገባል። ትልቅ ግድብ የጎርፍን ጫፍ መቁረጥና ውኃውን በዓመቱ ላይ ማከፋፈል ይችላል። 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ መያዝ የሚችለው የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ለሱዳን የዳርቻ ነዋሪዎች ይህን ጥቅም የመስጠት አቅም አለው። ግድቡ በመስከረም 2025 ከተመረቀ በኋላ ሱዳን ውስጥ ጎርፍ ሲከሰት ግብፅ ኢትዮጵያን ከሰሰች፤ ኢትዮጵያም ክሱን አልተቀበለችም። የፖለቲካው ክርክር እንዳለ ሆኖ፣ ከሳይንሱ አንጻር ነገሩ ግልጽ ነው። በአንድ ወንዝ ላይ በተከታታይ የተሠሩ ግድቦች ምን ያህል ውኃ እንደያዙና መቼ እንደሚለቁ እርስ በርሳቸው ሲነጋገሩ ጎርፍ ይቀንሳሉ፤ ካልተነጋገሩ ግን አንዱ ሲለቅ ሌላው ሳይዘጋጅ ይገኛል።

በዋቢ ሸበሌ ላይ ደግሞ ኢትዮጵያንና ሶማሊያን የሚያስተሳስር የውኃ ስምምነት የለም። በሶማሊያ በኩል የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ያቋቋመው የውኃና የመሬት መረጃ ማዕከል የወንዙን ከፍታ ይከታተላል፤ ማስጠንቀቂያም ያወጣል። ሆኖም የውኃው ምንጭ ከድንበሩ ወዲህ ስለ ሆነ ከጎዴና ከቀላፎ የሚመጣ ልኬት ያስፈልገዋል። ወንዙ ሌላም ችግር አለበት። በድርቅ ጊዜ ታች ያሉ ገበሬዎች ማሳቸውን ለማጠጣት ዳርቻውን ይሸነቁሩታል። ዝናቡ ሲመጣ ያልተደፈነው ሽንቁር የጎርፍ በር ይሆናል። አልጋውም በደለል እየተሞላ ውኃ የመሸከም አቅሙ ወደ ታች በሄደ ቁጥር ይቀንሳል። ደለሉ የሚመጣው ከተራቆተው ደጋ ነው። ባሌና አርሲ ላይ የሚሠራ እርከንና የሚተከል ዛፍ፣ በለደወይን ላይ የሚደፈን ሽንቁር የአንድ ሥራ ሁለት ጫፎች ናቸው።

ተስፋ የሚሰጠውም እዚሁ ላይ ነው። በዋቢ ሸበሌ ድንበር ግራና ቀኝ ያለው ሕዝብ አንድ ቋንቋ ይናገራል፤ ዘመድ ነው፤ ግመሉን በአንድ መስክ ያሰማራል። በባሮና በሶባት ያሉት ኑዌርና አኙዋክም በኢትዮጵያና በደቡብ ሱዳን ተከፍለው የሚኖሩ ወንድማማቾች ናቸው። በራቱ ወንዝ ላይ ማስጠንቀቂያውን ያሻገረው ዓይነት ትውውቅ በእኛም ወንዞች ዳር አለ። የሚያስፈልገው ቅርጽ መስጠት ነው።

ከየት ይጀመር?

ከተመለከትናቸው ወንዞች የሚወጣው ትምህርት በጥቂት ነጥቦች ሊጠቃለል ይችላል። የመጀመሪያው በሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት የሚነበብ የውኃ መለኪያ ዘንግ መትከልና «ውኃው ይህን ምልክት ካለፈ ይህ ይደረጋል» ተብሎ አስቀድሞ መስማማት ነው። ሁለተኛው ደዋዩና ተቀባዩ በስም እንዲታወቁ፣ ለአንዱ ምትክ እንዲኖረው፣ በደረቅ ወራትም ቢሆን በዓመት አንድ ጊዜ ልምምድ እንዲያደርጉ ነው። ሦስተኛው ማስጠንቀቂያው ሰው በሚሰማው ቋንቋና በሚያምነው አንደበት፣ በመስጊዱ፣ በቤተ ክርስቲያኑ፣ በሬዲዮና በአገር ሽማግሌ በኩል እንዲነገር ነው። አራተኛው ወንዙ የሚተኛበትን መሬት ለይቶ ከግንባታ መጠበቅ ነው።

አምስተኛው ብዙ ጊዜ የሚረሳ የፍትሕ ጥያቄ ነው። ላይ ያለው ሰው ሌሊት ተነሥቶ ዘንጉን የሚያነብበው፣ ማሳው ላይ እርከን የሚሠራው ለማን ሲል ነው? ጥቅሙን በአብዛኛው የሚያገኘው ታች ያለው ነው። ስለዚህ የታችኛው ወገን በምላሹ የሚሰጠው ነገር ሊኖር ይገባል፦ የጋራ ገንዘብ፣ የዘርና የመኖ ድጋፍ፣ ወይም የገበያ ዕድል። ትብብር በምስጋና ብቻ ለአንድ ክረምት ይቆማል። ለሃያ ዓመት የሚዘልቀው ግን ለሁለቱም ወገን የሚያዋጣ ሲሆን ነው።

በራይን ዳር ባሉ ብዙ ከተሞች የቀድሞ ጎርፎች የደረሱበት ከፍታ ከነዓመቱ በቤት ግድግዳ ላይ ተቀርጾ ይገኛል። መንገደኛው ከራሱ በላይ ያለውን መስመር እያየ ያልፋል። ልጆችም ትርጉሙን ጠይቀው ያድጋሉ። በለደወይን፣ ቀላፎ፣ ጋምቤላና ፎገራ እንዲህ ያለ መስመር ለማስመር የሚያስፈልጋቸው አንድ ጣሳ ቀለምና ውኃው እስከየት እንደ ደረሰ የሚያስታውስ አንድ ሽማግሌ ብቻ ነው። ከዚያ መስመር ሥር በላይኛው ተፋሰስ የሚኖረው ዘመድ ስልክ ቁጥር ቢጻፍበት ደግሞ ሥራው ተጀመረ ማለት ነው።